ከማማው ቀለም በፊት የውሃ መውጫው ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሥራ ካቆሙ ብዙ ዘመን የሆናቸውን የማዕድን ማውጫዎች ከጥፋት የማዳኑ ሥራ በብዙ አገር በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ የወደቀ ነው። የቀድሞው ኩባንያ ከስሯል፤ መሬቱን የያዘው አካል ጉድጓዱን ከአደጋነቱ በቀር በሌላ ዓይን አያየውም፤ የቅርስ መዝገብም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ብረቱ ተቆራርጦ ከተሸጠ በኋላ ነው። በትርፍ ሰዓታቸው አካፋና ዲጂኖ ይዘው የሚወጡ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ጎብኚ የሚገባባቸው ብዙ ማውጫዎች ተዘግተው ወይም ተደርምሰው በቀሩ ነበር።

ይህን የምንጽፈው ግን ለማመስገን ብቻ አይደለም። አንድ ማኅበር ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ገንዘብ ሲያገኝ ወዲያው የሚሠራው ከሩቅ የሚታየውን ነገር ነው፦ ከጉድጓዱ አፍ በላይ የቆመውን የማንሻ ማማ ቀለም ይቀባል፣ የማሽኑን ዝገት ይፍቃል፣ ግቢውን ይደለድላል። ማውጫውን የሚያጠፋው ግን ከውጭ አይታይም። የታገተ ውሃ፣ የተበላሸ አየር፣ የበሰበሰ ድጋፍ እንጨት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጉልበትና ገንዘብ ለውሃ መውጫውና ለመዝገብ መዋል አለበት፤ ቀለም ይጠብቃል።

ከውሃው እንጀምር። በተራራ ጎን የተቆፈሩ አሮጌ ማውጫዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሥር አንድ የውሃ መውጫ ዋሻ አላቸው። የጥንቶቹ ቆፋሪዎች ያለ ፓምፕ ውሃው በራሱ እንዲወርድ ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዘቅ አድርገው ሠርተውታል። ሥራ ሲቆም የሚጠርገው ሰው ይጠፋል፤ ጭቃ ይሞላል፣ የዛፍ ሥር ይገባል፣ አፉ ላይ አፈር ይናዳል። ከዚያ በኋላ ውሃው ከግርዶሹ ጀርባ እየተጠራቀመ ይወጣል። እያንዳንዱ ሜትር የውሃ ከፍታ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ቶን ይጫናል። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር በሆነ መግቢያ ላይ 10 ሜትር ውሃ ከታገተ ግርዶሹን የሚገፋው ኃይል 30 ቶን ያህል ነው። ያንን ግርዶሽ ከፊት ቆሞ በአካፋ የሚዝቅ ሰው በሕይወቱ እየተጫወተ ነው።

ይህ በባለሙያዎችም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2015 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ጎልድ ኪንግ በተባለው አሮጌ የወርቅ ማውጫ፣ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያሰማራቸው ሠራተኞች የተዘጋውን መግቢያ እየቆፈሩ ሳለ ግርዶሹ ተሸነፈ። 11 ሚሊዮን ሊትር ያህል ብረትና ሌሎች ማዕድናት የተሸከመ ውሃ ወጥቶ የአኒማስን ወንዝ ብርቱካናማ ቢጫ አደረገው። ከግርዶሹ ሥር ውሃ እየሾለከ ስለነበር ውስጡ በግፊት አልተሞላም ተብሎ ተገምቶ ነበር። ከላይ ቀዳዳ ተበስቶ የውሃው ከፍታ አስቀድሞ አልተለካም። ውሃ እየሾለከ መውጣቱ ውስጡ ባዶ መሆኑን በፍጹም አያረጋግጥም፤ መጠኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ዝናብና በጋ የማይለውጠው ፍሰት እንዲያውም ከኋላው ትልቅ ክምችት እንዳለ ሊያመለክት ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከፍታው ይለካል። ከላይ ወደ ውስጥ የሚወርድ ጉድጓድ ካለ ክብደት የታሰረበት ሜትር ይወርዳል። ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቆመው ሰው ከጠርዙ ርቆ በተተከለ ነገር ላይ በገመድ የታሰረ መሆን አለበት፤ የአሮጌ ጉድጓድ ጠርዝ ብዙ ጊዜ በበሰበሰ እንጨት ላይ የተኛ አፈር ነው። ጉድጓድ ከሌለ ፈቃድ ያለው ቆፋሪ መዝጊያ ቫልቭ ያለው ቱቦ አስገብቶ ይበሳዋል። ከፍታው ሲታወቅ ውሃው ከግርዶሹ በላይ በፓምፕ ወይም በሳይፈን፣ ማለትም ግርዶሹን አሻግሮ ውሃውን ያለ ሞተር ወደ ዝቅተኛ ቦታ በሚስብ ቱቦ፣ ይቀነሳል። ሳይፈን ነዳጅ አይፈልግም፤ ነገር ግን ውሃውን ወደ ላይ ስቦ የሚያሻግረው በተግባር እስከ 7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በከፍተኛ ቦታ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቱቦው የሚጨፈለቅ ስስ ጎማ ከሆነ በራሱ መሳብ ምክንያት ተጣብቆ ያቆማል፤ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ ቱቦ ያስፈልጋል።

አወራረዱ ዝግ ማለት አለበት። ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ውሃው ከፊቱ ደግፎት ነበር። ድጋፉ በአንድ ሌሊት ሲነሳ በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ውሃ ድንጋዩን ከኋላ ገፍቶ ያወርደዋል። በየቀኑ ጥቂት አውርዶ፣ ቆም ብሎ፣ አዲስ የወደቀ ድንጋይ መኖሩን አይቶ መቀጠል ነው የሚያዋጣው።

የሚወጣው ውሃ ወዴት እንደሚሄድም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ፓይራይት የተባለው የብረትና የድኝ ማዕድን ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ መዳብን፣ ዚንክን፣ አርሴኒክን ያሟሟል፤ ብረቱ ውጭ ሲደርስ ቢጫ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል። የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መጠን) ሳይለኩና የሚመለከተውን የውሃ ባለሥልጣን ሳያስፈቅዱ ወደ ወንዝ መልቀቅ የታችኛውን ነዋሪ መበደል ነው። ማዝቀጫ ኩሬ ይሠራል፤ ውሃው በቂ ጊዜ ተኝቶ ጭቃውን ይጥላል። ብዙዎች ቦዩን በኖራ ድንጋይ ሞልተው አሲዱ በራሱ ይለዝባል ብለው ይተዉታል። ብረት የበዛበት ውሃ ላይ ግን ድንጋዩ በቢጫው ዝቃጭ ተሸፍኖ በወራት ውስጥ ሥራ ያቆማል፤ ወይ እየተፋቀ ይታደሳል ወይ ብረቱ አስቀድሞ በኩሬ ይዘቅጣል።

መውጫው ከተከፈተ በኋላ አንድ ርካሽ ነገር እንዲተከል አጥብቀን እንመክራለን። ባለ 90 ዲግሪ ሦስት ማዕዘን ቁርጥ ያለው የማይዝግ ብረት ሳህን በቦዩ ላይ ይገደገዳል። ከቁርጡ ታችኛ ጫፍ ጀምሮ የውሃው ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፍሰቱ በሰከንድ 0.8 ሊትር ገደማ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 4.4 ሊትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታው ከሳህኑ አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ ውሃው ሳይጎብጥ በተኛበት ቦታ ይለካል። በየሳምንቱ ተለክቶ በዝናብ መጠን አጠገብ ይጻፋል። ሰው የሚደነግጠው ፍሰቱ ሲጨምር ነው። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ዝናብ እየዘነበ ፍሰቱ በድንገት ሲቀንስ ነው፤ ውስጥ አንድ ቦታ ተደርምሶ ውሃው እንደገና እየታገተ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ማንም አይገባም።

ይህን ሁሉ ስንል ማውጫው እስከ ታች ድረስ ይድረቅ ማለታችን አይደለም። ለዘመናት ሙሉ በሙሉ በውሃ የተሸፈነ እንጨት ኦክስጅን ስለማያገኝ ሳይበሰብስ ይቆያል። መሰላሉ፣ የእንጨት ፓምፑ፣ የቆዳ ጫማው ሳይቀር ቅርጹን ይዞ ይገኛል። ውሃው ሲነሳና አየር ሲገባ ግን መቶ ዓመት የቆየው በጥቂት ዓመታት ያልቃል። ስለዚህ ከመውጫው በታች ያለው ክፍል በውሃ እንደተሞላ ቢተው ይሻላል። እርጥብ ዕቃ የግድ መነሳት ካለበት እርጥብ እንደሆነ በውሃ ተጠብቆ ወደ ጥበቃ ባለሙያ ይሄዳል፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ እንጨት ተሰነጣጥቆና ተጣሞ ዳግም አይመለስም።

አየሩን ያለ መሣሪያ ማወቅ አይቻልም። ጤነኛ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ መለኪያው 19.5 ሲደርስ ሁሉም ይወጣል። ኦክስጅኑን የሚበሉት የሚበሰብሰው እንጨትና የሚዝገው ፓይራይት ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ዝቅ ባለበት ይተኛል፤ ቆሞ የሚሄደው ደህና ሆኖ ጎንበስ ያለው ሊወድቅ ይችላል። በቆመ ውሃ ውስጥ የታሰረ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሰው በእግሩ ሲበጠብጠው ይለቀቃል። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው፤ መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 100 እጅ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው ጠፋ ብሎ መጽናናት ሞት ነው። በድንጋይ ከሰል ማውጫ ሚቴን አለ፤ ከ5 እስከ 15 በመቶ ባለው መጠን ይፈነዳል። ስለዚህ ኦክስጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና የሚቀጣጠል ጋዝ የሚለካ ባለ አራት መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቀጥታ አያነብም፤ ለብቻው የሚለካ ቢጨመር መልካም ነው። መሣሪያው ከመግባት በፊት በሙከራ ጋዝ ይፈተሻል፤ ያልተፈተሸ መለኪያ ዝም ሲል አየሩ ጥሩ ይሁን እሱ ይሙት አይታወቅም። በሻማ ነበልባል የሚፈትኑ አሉ። ሻማ የኦክስጅን ማነስን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይናገርም፤ ሚቴን ባለበት ደግሞ ራሱ ገዳይ ነው።

ማውጫ ይተነፍሳል። የከባቢ አየር ግፊት ሲወርድ ከአሮጌ ክፍሎች የተበላሸው አየር ወደ መተላለፊያው ይወጣል፤ ትናንት ንጹሕ የነበረው ዋሻ ዛሬ መርዝ ሊሆን ይችላል። ዝናብ ሊያመጣ ግፊቱ እየወደቀ ባለበት ቀን ጥልቅ ሥራ መያዝ ተገቢ አይደለም። ግራናይት ባለበት ደግሞ ራዶን የተባለ ጨረር አመንጪ ጋዝ ይጠራቀማል። ለጎብኚ የአንድ ሰዓት ነገር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ግን የሰዓቱ ድምር ተመዝግቦ መያዝ አለበት።

ጣሪያው በዲጂኖ ይፈተሻል። ጤነኛ ድንጋይ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ባዶ በርሜል እንደመምታት ይደነቁራል። ፈታሹ ሁልጊዜ ከተረጋገጠው ክፍል ተነስቶ ወዳልተረጋገጠው ይሄዳል፤ ዲጂኖውን ከፊቱ ሰያፍ አድርጎ ከሰውነቱ ጎን ይይዘዋል፤ ቀጥ አድርጎ ከያዘው የሚወርደው ድንጋይ በብረቱ ላይ ተንሸራቶ እጁ ላይ ያርፋል። ሁለተኛ ሰው ከኋላ ሆኖ ጣሪያውን ብቻ ያያል። የመሸሻው መንገድ ከአካፋም ከገመድም የጸዳ ይሁን።

አሮጌ ድጋፍ እንጨት በሴንጢ ጫፍ ይወጋል፤ ያለ ትግል ከገባ ተሸካሚነቱ አልቋል። ቢሆንም አይነቀልም። አዲሱ ምሶሶ ከአጠገቡ በጠንካራ ወለል ላይ ይቆማል፣ ከላዩ አግዳሚ ይጋደማል፣ በጥንድ ሽብልቅ ከሁለት ወገን ይጠበቃል፤ አሮጌው በቦታው ይቀራል፣ እሱም የታሪኩ አካል ነው። አዲስ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሽብልቆቹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ይመታሉ። ይህ እየተረሳ ነው ብዙ አዲስ ድጋፍ ጣሪያውን ሳይነካ ለይስሙላ ቆሞ የሚገኘው።

ሁለት ነገሮች አዲስ ሰው ያታልላሉ። አንደኛው ወለሉ ነው። ሐዲድ የተዘረጋበት ደህና መሬት የሚመስለው ከሥሩ ባዶ የሆነ፣ በሳንቃ ላይ የተደለደለ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከራስ በላይ በእንጨት ላይ በጥንቃቄ የተደረደረ የጥራጊ ድንጋይ ነው። የጥንቶቹ ሠራተኞች ወደ ውጭ ላለማውጣት እዚያው ደርድረውታል፤ ብዙ ቶን ሆኖ የሚንጠለጠለው በጥቂት አግዳሚዎች ላይ ነው። ከሥሩ አንድ ድንጋይ መሳብ ሁሉንም መጥራት ነው። የፈንጂ ነገር ደግሞ አጭር ነው፦ አሮጌ ዲናማይት ናይትሮግሊሰሪን ያልበዋል፣ በትንሽ ንክኪ ሊፈነዳ ይችላል። ሳጥን፣ ሽቦ ወይም ትንሽ የመዳብ ቱቦ ያየ ሰው ሳይነካ ወጥቶ ለፖሊስ ያስታውቃል።

መዝገብ የምንለው ፎቶ ማንሳትን ብቻ አይደለም። ምንም ነገር ከመነሳቱ በፊት ዋሻው በነጥብ በነጥብ ይለካል፤ በሌዘር መለኪያ ርቀቱ፣ በኮምፓስ አቅጣጫው፣ በዘቅዛቃ መለኪያ ከፍታው ተወስዶ በ1፡200 መጠን ካርታ ይነሳል። ኮምፓስ ሐዲድ፣ ቱቦና የራስ መብራት ባትሪ አጠገብ ይዋሻል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ነጥብ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይነበባል፤ ሁለቱ ንባቦች በ180 ዲግሪ ካልተለያዩ አንዱ ቦታ ብረት አለ። የሚነሳ ዕቃ ቁጥር የተመታበት የብረት መለያ በሽቦ ይታሰርለታል። በቀለም ዕቃው ላይ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ወረቀትም በእርጥበት ያልቃል።

ወደ ማሽን ስንመጣ ተስፋ የሚሰጥ ምሳሌ አለ። በእንግሊዝ ኮርንዎል፣ የሌቫንት ማውጫ የእንፋሎት ሞተር እ.ኤ.አ. በ1840 ተሠርቶ ማውጫው በ1930 ሲዘጋ ቆመ። በ1935 ለብረት ቁርጥራጭ ሊሸጥ ሲል የተሰባሰቡ ሰዎች አዳኑት። ለ60 ዓመታት ያህል ከቆመ በኋላ በጎ ፈቃደኞች ጠግነው በእንፋሎት መልሰው አንቀሳቅሰውታል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሳካው በትዕግሥት ነው። የተጣበቀ ብሎን ሰርጎ ገብ ዘይት እየጠጣ ሳምንታት ይተኛል፣ በመጠኑ ይሞቃል፣ ወደ ማጥበቂያም ወደ መፍቻም እየተነቀነቀ ይላቀቃል። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ብረት በመዶሻ አይመታም፤ እንደ ተራ ብረት አይጎብጥም፣ ይሰበራል። ሳያሞቁ መበየድም ከስንጥቁ አጠገብ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል። አሸዋ በግፊት መርጨት ዝገቱን ብቻ ሳይሆን የፋብሪካውን ቁጥርና የቀለሙን ድርብርብ ይወስዳል፤ ቢያንስ አንድ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ሳይነካ መቅረት አለበት። በምትክ የተሠራ ዕቃ ላይ የተሠራበት ዓመት ይመታበት፣ የወደፊቱ አጥኚ ከጥንቱ እንዳያምታታው። ማንኛውም ሞተር ኃይል ከማግኘቱ በፊት በእጅ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ቦይለር በቀዝቃዛ ውሃ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይፈተናል፤ ውሃ እምብዛም ስለማይታመቅ ቢቀደድ እንኳ እንደ እንፋሎት አይፈነዳም። የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ግን ፈቃድ ያለው መርማሪ እንጂ ማኅበሩ አይደለም። አሮጌ የሽቦ ገመድ ውጭው ቢያብረቀርቅም ውስጡ ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ሰውም ጭነትም አያነሳም።

በድንጋይ ግንብ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ስሙ ሲሚንቶ ነው። የድሮው ግንብ በኖራ የተሠራ ነው፤ እርጥበቱን በመጋጠሚያው በኩል ያወጣል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልግና ፊቱን ቅርፊት ቅርፊት አድርጎ ይጥለዋል። አንድ እጅ የተፈጥሮ ሃይድሮሊክ ኖራ (በእርጥበት ውስጥም የሚጠነክር ኖራ) ለሁለት ተኩል እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ መጋጠሚያው ከስፋቱ እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ተፍቆ፣ ግንቡ ቀድሞ ረጥቦ ይሞላል። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ አንድ ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይሠራም።

መግቢያው ላይ የሚሠራው በር ድፍን መሆን የለበትም። ድፍን በር አየሩን አግዶ እንጨቱን ያሻግታል፣ የሌሊት ወፎችንም ያባርራል። አግድም ብረቶች በመካከላቸው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ይዘው ሲገጠሙ ወፎቹ ያልፋሉ፣ ሰው ግን አያልፍም። የድንጋይ ክምሩም አይደልደል፤ የጥንቱን አሠራር የሚናገር ማስረጃ ነው፣ ሲበተን ደግሞ የእርሳስና የአርሴኒክ አቧራ ይነሳል። ማንም ሰው እጁንና ጫማውን ሳይታጠብ አይብላ።

ስለ ጎብኚ አንድ ነገር እንጨምር። የፖላንዱ የቪየሊችካ የጨው ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1989 እስከ 1998 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። ምክንያቱ እርጥበት ነበር፤ ለማናፈሻ የሚገባው የውጭ አየር ያመጣው እርጥበት የጨው ቅርጻ ቅርጾቹን እያሟሟ ነበር። ለሰው ሲባል የሚገባ አየር፣ መብራትና ትንፋሽ ሁሉ በውስጡ ያለውን ነገር ይለውጣል። ስለዚህ ከመክፈት በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ የሙቀትና የእርጥበት ንባብ ሊኖር ይገባል፤ የኋላው ለውጥ የሚለካው ከዚያ ተነስቶ ነው።

ለነዚህ ማኅበራት ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶችና በስማቸው ግቢ የሚያስመርቁ ባለሥልጣናት አንድ ልማድ ቢለውጡልን እንጠይቃለን። ከተቀባ ማማ ፎቶ በፊት የውሃ መውጫውን የአሥራ ሁለት ወር የፍሰት መዝገብ፣ የጋዝ መለኪያውን የፍተሻ ደብተርና የዋሻውን ካርታ ይጠይቁ። እነዚህ ሦስቱ ለሌሉት ማውጫ የመጀመሪያው ገንዘብ እነሱን ለማሟላት ይዋል፤ ቀለሙ በሁለተኛው ዓመት በጀት ይካተት።

ከአክብሮት ጋር፣
በአሮጌ ማዕድን ማውጫዎች ጥበቃ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎች